ግጥም ውስጥ «እኔ» የሚለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ጓደኛዬ የግጥም ምሽት ላይ ፍቅረኛውን ስለከዳ ሰው በ«እኔ» የተጻፈ ግጥም አነበበ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ «ማንን ነው የከዳኸው?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣው። እሱ «ግጥም እኮ ነው» ይላል። ግን በራሱ ካልደረሰ ውሸት አይሆንም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልጁን ተዉት እንጂ! ይሄ ጣጣ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው አርኪሎኮስ በአንድ አጭር ግጥሙ፣ ጋሻዬን ቁጥቋጦ ሥር ጥዬ ነፍሴን አተረፍኩ፣ የራሱ ጉዳይ፣ ሌላ እገዛለሁ ይላል። ኋላ የአቴናው ክሪቲያስ ይህን ፖሊስ ጣቢያ እንደተሰጠ የእምነት ቃል ቆጥሮ ወረደበት፤ የባሪያ ልጅ መሆኑን፣ ጋሻ መጣሉን ራሱ ባያወራ ማን ያውቅበት ነበር እያለ።

የዚሁ ሰው ሌላ ግጥም ደግሞ የጊጌስ ሀብት አያጓጓኝም ብሎ ይጀምራል። ጊጌስ በወርቁ የታወቀ የልድያ ንጉሥ ነው። መቼም ይህን ያነበበ ሁሉ ገጣሚው ስለራሱ ያወራል ማለቱ አይቀርም። አርስቶትል ግን «ሬቶሪክ» በተባለው የንግግር ጥበብ መጽሐፉ ላይ ተናጋሪው ካሮን የሚባል አናጢ መሆኑን ነግሮናል። እሱ ባይነግረን የአናጢውን ቃል ገጣሚው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ከትተነው ቁጭ ነበር።

ፈላስፎቹም አልተስማሙም። ለሄግል ሊሪክ ግጥም (ስሜትን በ«እኔ» የሚናገረው ዓይነት) የገጣሚው የውስጥ ዓለም ነው። ኒቼ እ.ኤ.አ. በ1872 አርኪሎኮስን ራሱን አንስቶ፣ ያ «እኔ» ከግለሰቡ እጅግ ከጠለቀ ቦታ ነው የሚመጣው አለ (ሰውየው ማጋነን ይወዳል)። እኔን ያሳመነችኝ እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፈችው ጀርመናዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ኬተ ሃምቡርገር ናት። በእሷ አባባል የሊሪክ «እኔ» እንደ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ የተፈጠረ አይደለም፣ የምር ይናገራል፤ ገጣሚው ራሱ ይሁን አይሁን ግን ከግጥሙ ተነስተን መፍረድ አንችልም።

ውሸት ላልከው፣ ለቅሶ ቤት አልቃሿ በሚስትየዋ ቦታ ሆና «ጥለኸኝ ሄድክ» ብላ ስታወርድ ውሸታም የሚላት አለ? እንዲያውም ሚስትየዋ ከእሷ አፍ ተቀብላ ታለቅሳለች። የጓደኛህም ግጥም የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ሰሚው ያንን «እኔ» በራሱ አፍ ሊለው ቻለ ወይ? ስለዚህ ማንን እንደከዳ ከምታጣሩ የትኛው ስንኝ እንደላላበት ብትነግሩት ይሻለዋል።