ለፍሳሽ ማጣሪያ ሶላር ለምትልኩ ወገኖቼ

ገንዘብ አዋጥታችሁ ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ለመላክ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ በዚሁ ሙያ በሰው ሀገር ረጅም ዓመታት የሠራሁ ነኝና ሳትቀየሙ ስሙኝ። አብዛኞቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ከሶላር ፓነሉ ነው፤ ስህተቱም እዚያው ይጀምራል።

1. ወረቀቱ። የቀረጡን ጉዳይና የተጣራው ውሃ የሚለቀቅበትን ፈቃድ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጨርሱ።

2. ስሌቱ። አየር እየተነፋበት በባክቴሪያ የሚያጣራ ጣቢያ ከሚፈጀው ኃይል ብዙውን ጊዜ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው አየር የሚነፋው ብሎወር ነው። ትልልቅ ጣቢያዎች ለአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲበቃቸው፣ ትንንሾቹ 1 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጁ ይችላሉ። እንግዲህ በቀን 40 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚወጣበት ግቢ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል እንበል። ብሎወሩ ሌት ተቀን መሥራት ስላለበት፣ ጥሩ ፀሐይ የሚገኘው ለ5 ሰዓት ያህል ከሆነ የቀረውን 19 ሰዓት የሚሸከመው ባትሪ ነው፤ ይኸውም ከ30 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲሆን፣ የሊድ አሲድ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት የምትገዙት ከ60 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚይዝ ሊሆን ነው። ደመና የሚውልባቸውን ቀናት ገና አልቆጠርኩም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የሚፈለገውን ኃይል ቀንሱ። ፍሳሹ አየር በማይገባበት፣ በክፍል በክፍል በተከፈለ ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢያልፍ ከብክለቱ ግማሽ ያህሉ ያለ አንዳች ኤሌክትሪክ ሊወገድ ይችላል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከዚያ ወዲያ ሸምበቆ በተተከለበት ጠጠር ውስጥ እየተጣራ በራሱ ይወርዳል። ሜዳ ከሆነም ፀሐይ ሳለ በፓምፕ ወደ ከፍታ ገንዳ ይሳብና ሌሊቱን በስበት ሲወርድ ያድራል፤ ያንኑ 40 ሜትር ኩብ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ ከሚፈጀው ኃይል ግማሹን የሚያባክን ፓምፕ እንኳ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይጠይቅም። ከ40ው ጋር አስተያዩት።

3. ጠባቂው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፤ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ነውና። ለአንድ ትምህርት ቤት ማጣሪያ ከወዳጆቼ ጋር ሆኜ ፓነል፣ ብሎወርና ባትሪ ላክሁ። ለሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ግን አልመደብኩም፤ «ትምህርት ቤቱ ይከፍለዋል» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ስሄድ የለጋሾች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ደምቆ ተሰቅሏል፣ ብሎወሩ ግን ቆሟል፣ ዝቃጩም እንደ ቅባት ጠቁሮ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ባትሪዎቹን ያስቀመጥናቸው በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት። የባትሪውን ኃይል ለብሎወሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይረውን የኢንቨርተሩን ክዳን ስከፍተው የመዳቡ ማያያዣዎች ከገንዳው በሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ማለትም እንደ በሰበሰ እንቁላል በሚሸተው ጋዝ፣ ጠቁረዋል። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በጠመኔ «አይነካም» ብሎ ጽፎበታል። መሣሪያውን የተማረው ልጅ ደመወዝ ሲያጣ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዷል፤ እንዴት ልፍረድበት?

አየር ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ፍሳሹን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ብሎወሩ ዳግም ቢነሳም ማጣሪያው ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልተጣራው ፍሳሽ የሚወርደው ከታች ውሃ ወደሚቀዱት ሰዎች ነው።

ስለዚህ አንድ ፓነል ከመግዛታችሁ በፊት የጠባቂውን፣ ማለትም የኦፕሬተሩን፣ የሦስት ዓመት ደመወዝና የባትሪ መተኪያውን ለብቻው በሂሳብ አስቀምጡ። ኦፕሬተሩም በየሳምንቱ ወንፊቱን መጥረጉን፣ ፓነሉን ማጠቡንና የባትሪውን ቮልቴጅ በመዝገብ ጽፎ ፎቶውን ይላክላችሁ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ብሎወሩን ከዕቅዱ አውጡትና የጠጠር ማጣሪያውን ሥሩ።