ፒልስነሩ መረረኝ፤ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። አንድ ትንሽ ጠማቂ ቤት የሠራውን የጀርመን ዓይነት ፒልስነር የሚባል ነጣ ያለ ቢራ ቀመስኩ። ከለመድኩት ቢራ በጣም ይመራል። ገና ስቀዳው ደግሞ ክብሪት ሲጫር የሚሸተው ዓይነት ሽታ ነበረው፣ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ተበላሽቶ ነው ወይስ ነገሩ ያልገባኝ እኔ ነኝ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ አልተበላሸም። ፒልስነር መጀመሪያ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ1842 ቦሄሚያ ውስጥ (የዛሬዋ ቼክ)፣ ፒልሰን ከተማ ነው፤ ጠማቂው ዮሴፍ ግሮል ግን ከጀርመኗ ባቫሪያ የመጣ ሰው ነበር። ጀርመኖች በኋላ በራሳቸው መንገድ ሲሠሩት ከቼኩ ይልቅ ነጣ ያለና አፍ ላይ ቀለል የሚል ሆነ። እርሾው የብቅሉን ስኳር አሟጦ ስለሚበላው ምሬቱን የሚሸፍንለት ጣፋጭ ነገር አይተርፍም፤ የመረረህ ለዚህ ነው።

የክብሪቱ ሽታ ድኝ ነው። የዚህ ቢራ እርሾ በቅዝቃዜ ሲሠራ ድኝ ያወጣል፣ ከዚያ ቢራው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ሲያርፍ አብዛኛው ይጠፋል። ትንሽ ቢቀር፣ እሱም ብርጭቆ ውስጥ ከበነነ፣ ችግር የለውም። ቅቤ ቅቤ ወይም የተቀቀለ በቆሎ ቢሸትህ ግን ያኔ ጠማቂውን ውቀስ። እኔ ይሄን ቢራ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ውሃ፣ ብቅል፣ ምሬትና ጠረን የሚሰጠው የሆፕስ አበባ እና እርሾ ብቻ ስለሆነ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም።

እስቲ እንደገና ቅመሰው። ከፍሪጅ አውጥተህ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በረዶ ከሆነ ምላስህ ይደነዝዝና ምሬት ብቻ ይቀርሃል። ብርጭቆው ቅባት እንዳይነካው፣ አረፋውን ይገድለዋል። ስትቀዳ አረፋ አትፍራ፣ ሁለት ጣት ያህል ይቁም። ከመጠጣትህ በፊት አሽትተው፦ ሃለርታው ወይም ቴትናንግ የሚባሉት የጀርመን ሆፕሶች ካሉበት የአበባና የሣር ጠረን ይመጣል፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ዳቦ ያለ የብቅል ሽታ። ከዋጥከው በኋላ ዝም ብለህ ጠብቅ። ምሬቱ ምራቅህን አምጥቶ ሌላ ጉንጭ ካሰኘህ ጥሩ ቢራ ነው፤ ምላስህን እየቧጠጠ ከቆየ ግን ያ ጥሩ ምልክት አይደለም።