ሐይቁን ለማወቅ ወደ ወንዙ ውጡ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሐይቅና ወንዝ በማጥናት ነው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ልጆች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ መሣሪያና ስለ ቤተ ሙከራ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ውሃን መቼና የት ቆማችሁ መመልከት እንዳለባችሁ ነው።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው አንድ ጥግ፣ የውሃውን ኦክስጅን ለክቼ ለዓሣ የሚበቃ ነው ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ልኬቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ የለካሁት ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ እዚያው ጥግ ላይ የሞቱ ዓሦች ተንሳፍፈው ተገኙ። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ከታንኳቸው ሳይወርዱ፣ «ልጄ፣ ዓሣው የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ አንተ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው የምትመጣው» አሉኝ። በውሃው ውስጥ የበዛው አልጌ ቀን ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና የውሃው ኦክስጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያንሰው ጎህ ከመቅደዱ በፊት ነው። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ታንኳ ላይ መቀመጥ የለመድኩት ግን ከእሳቸው ንግግር በኋላ ነው።

ስለ ጣና ሲነሳ ሁላችሁም የምታውቁት እምቦጭን ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በእጅና በማሽን ለመንቀል የተደረገውን ዘመቻ አላጣጥልም፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ የነቀለውን ገበሬ አይቼዋለሁና። ነገር ግን እምቦጭ የሚበላው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ የሚመግበው እስካለ ድረስ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል። የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክመው የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች በሚገቡበት በአባ ሳሙኤል ግድብም ይኸው አረም መንሰራፋቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ወደ ላይ ውጡ። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። በሐምሌ የጉማራ ድልድይ ላይ ቆማችሁ የውሃውን መልክ ብታዩ፣ የሚያልፈው የገበሬው ማሳ እንደሆነ ትረዳላችሁ፤ ፎስፎረሱም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። በጣና ብቻ የሚገኙ ከ15 የማያንሱ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ የነበሩት ተመሳሳይ ዝርያዎች አብዛኞቹ ስለጠፉ፣ የጣናዎቹ በዓለም ላይ አቻ የላቸውም። ከእነዚህ በርካታዎቹ ክረምት ሲወጣ በእነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ሄደው በንጹሕ ጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን የወንዙን አፍ በመረብ እንዘጋለን፣ ጠጠሩን ለግንባታ እንጭናለን፣ አንዳንዱም ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበትናል። ዕንቁላል ሊጥል የሚወጣን ዓሣ በመንገዱ ላይ ማጥመድ የዘር እህልን እንደ መብላት ነው።

ወንዙ ዳር ስትደርሱ ከመሣሪያው በፊት አንድ ድንጋይ አንሥታችሁ ገልብጡ። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው፣ ጎንና ጎናቸው ላይ ቅጠል የመሰለ መተንፈሻቸውን የሚያርገበግቡ ትንንሽ ነፍሳት በድንጋዩ ሆድ ላይ ሲሮጡ ካያችሁ፣ ውሃው ገና በሕይወት አለ። ከከተማ በታች ያንኑ ስታደርጉ ጥቁር ለስላሳ ጭቃና ቀያይ ትሎች ብቻ ካገኛችሁ ግን ኦክስጅኑ ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው፤ ትሎቹ የቀሉት ደማቸው እንደ እኛ ሄሞግሎቢን ስላለው፣ ትንሿንም ኦክስጅን አሟጠው ለመያዝ ስለሚችሉ ነው። በቤተ ሙከራ የምትለኩት የዚያችን ሰዓት ውሃ ነው፤ እነዚህ ነፍሳት ግን እዚያው ሲኖሩ የከረሙ ምስክሮች ናቸው።

የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሲደርቅ ብዙዎች እንደ ድንገተኛ ነገር አወሩት። ውሃውን የሚስበው ፓምፕም ሐይቁን የሚሞላው ደለልም ግን ለዓመታት ሲሠሩ ነበር።

ውድ መሣሪያ ከሌላችሁ አትጨነቁ። ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ጣውላ አራት ቦታ ከፍላችሁ ጥቁርና ነጭ ቀቡት፣ ከሥሩ ድንጋይ እሰሩለት፣ በገመድ አውርዱትና ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ጻፉ፤ ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ ይነግራችኋል። መሠረቱን ጣሊያናዊው ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የጣለው ዘዴ ነው። ቦታውንና ሰዓቱን አትለውጡ። ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ፣ ዓሣ አጥማጁ ምን እንዳለ፣ መረቡ ውስጥ አምባዛ ብቻ ወይስ ሌላም ዓሣ እንደነበረ በዚያው ገጽ ላይ አስፍሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጽሑፋችሁ ለማንም ምንም አይነግርም፤ የእኔም ደብተር መናገር የጀመረው በስድስተኛው ክረምት ነው።