ከማይጨው በፊት ያረፉ ሰው በ1955 ግብር ከፈሉ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«አባታችን አምና አረፈ። ሳጥኑን ስንከፍት በነጠላ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ የግብር ደረሰኞች አገኘን። ከ1948 እስከ 1959 ዓ.ም. የተቆረጡ ናቸው። ሁሉም ላይ ያለው የቅድመ አያቴ ስም ነው። ቅድመ አያቴ ከማይጨው በፊት እንዳረፉ አባቴ ይነግረን ነበር። መሬቱ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው በኩል፣ ሐይቁ ዳር ነው። አክስቴ እዚያው ናት። እኔ የምፈልገው የቤተሰባችንን ታሪክ ማወቅ ብቻ ነው። የድሮ መዝገቦችን ከየት ላግኝ? አንድ የማውቀው ሰው ዋናውን ደረሰኝ ከሰጠሁት በአዲስ ካርታ እንደሚያስቀይርልኝ ነግሮኛል። አካባቢው ወደ ከተማ እየገባ ስለሆነ ካሳስ ይኖረን ይሆን?»

በቅድሚያ የአባትዎን ነፍስ ይማር።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ታሪክ ብቻ» ብለው ጀምረው «ካሳ» ብለው ጨረሱ። አልፈርድብዎትም። ሐይቁ ዳር ያለ መሬት ዛሬ እንዴት እንደሚፈለግ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው። ታሪኩን ለማግኘት ዘመድ ማሰባሰብ አለብዎት። ካሳውን ለማግኘት ግን ዘመድ መክሰስ ሊኖርብዎት ነው። የትኛውን እንደሚፈልጉ እግርዎን ከማንሳትዎ በፊት ይወስኑ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሦስት ቃል ነው። «አክስቴ እዚያው ናት» ብለው አለፉ። እዚያው ማለት የት ነው? መሬቱ ላይ ነው የሚኖሩት? የሚያርሱት እሳቸው ናቸው? የይዞታ ደብተር አላቸው? ደረሰኞቹ መገኘታቸውን ሰምተዋል? ካርታ አስቀይራለሁ የሚለው ሰው የማንን መሬት ነው ካርታ የሚያወጣበት? ይህን ሁሉ አልጻፉልኝም።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎት። የአባትዎ እህት በሕይወት እያሉ የቤተሰቡን ታሪክ ከመንግሥት መደርደሪያ መፈለግ የተገለበጠ ሥራ ነው። እሳቸው ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ሊቆጥሩልዎት ይችላሉ። ማን ከማን ወለደ፣ ማን የት ተዳረች፣ የትኛው ማሳ በማን ተጠራ፣ ይህ በየትኛውም ቢሮ አልተጻፈም። ቶሎ ይሂዱ። ደረሰኞቹን ይዘው፣ ፊት ለፊት ዘርግተው ያነጋግሯቸው። ደብቀው የያዙት ወረቀት ነገ በሌላ ሰው አፍ ሲደርሳቸው የሚፈጠረውን ቅያሜ ማንም ጠበቃ አይፈታውም።

አሁን ወደ ደረሰኙ። የማይጨው ጦርነት የተካሄደው በ1928 ስለሆነ ቅድመ አያትዎ ከማይጨው በፊት ካረፉ ቢዘገይ በ1928 አረፉ ማለት ነው። ታዲያ በ1955 እንዴት ግብር ከፈሉ? ጸሐፊው አልተሳሳተም። ወረቀቱም የግድ የሐሰት አይደለም። ዋናውን ሳላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን እንዲህ ያለ ደረሰኝ በጎጃም በኩል እንግዳ ነገር አይደለም። ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድም ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

በጎጃም ርስት የአንድ ሰው የግል ንብረት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና አንድ አባት አለ፤ ዋና አባት ይሉታል። ከእሱ በአባትም ሆነ በእናት በኩል መውረዱን ቆጥሮ ያሳመነ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ሴት ልጅም ትወርሳለች። ስለዚህ በአንድ ዋና አባት ስም በሚጠራ መሬት ላይ ብዙ ባለ ድርሻ ያርሳል። ግብሩ የሚጣለው በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ላይ ሳይሆን በዚያ መሬት ላይ በጥቅሉ ነበር። ባለ ድርሻዎቹ ያዋጣሉ፤ ፈጅ የሚባለው ተጠሪያቸው ሰብስቦ ያስገባል። ፈጅ ማለት ወኪል ነው፤ የእኛን የጠበቆችን ሙያ ድሮ ነገረ ፈጅ ይሉት የነበረውን ያስታውሱ። ደረሰኙ ታዲያ አንዳንዴ በፈጁ ስም፣ አንዳንዴም ከሞተ ትውልድ ባለፈው በዋናው አባት ስም ይቆረጣል።

መንግሥት የእያንዳንዱን አራሽ ስምና የማሳውን ስፋት የያዘ መዝገብ በጎጃም አላበጀም። መሬቱ አልተለካማ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው «መሬቴ አይለካም» ብሎ በሞጣና በብቸና በኩል እስከ መሣሪያ የደረሰው ለምን ይመስልዎታል? ልኬቱ ርስቱን ሊያሳጣን ነው ብሎ ስለሰጋ ነው። መሬቱ በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ በተለካበት አገር የነበረውን ዓይነት የግል የግብር ወረቀት ጎጃም ላይ መጠበቅ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእርስዎ ደረሰኝ የሚለው «ለዚህ መሬት፣ በዚህ ዓመት፣ ይህን ያህል ተከፍሏል» ብቻ ነው። «መሬቱ የእገሌ ነው» አይልም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ስሙ የቅድመ አያትዎ መሆኑን በምን አረጋገጡ? በአገራችን የልጅ ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል። ስሙ ከቅድመ አያትዎም በብዙ ትውልድ የሚርቅ አባት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አሥራ አንድ ደረሰኝ ተከታትሎ በአንድ ቤት መቀመጡ ራሱ አንድ ነገር ይጠቁመኛል። የአባትዎ አባት ፈጅ ነበሩ ይሆን? ከሆነ እነዚያን ወረቀቶች ያስቀመጡት የራሳቸውን ንብረት ሊያስረዱ ሳይሆን የዘመድ አዝማዱን ክፍያ በአደራ ሊጠብቁ ነው። ይህ ለቤተሰብዎ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ያመናቸው ሰው ነበሩ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከዚያ ስም የሚወርደው ዘመድ ሁሉ በእነዚህ ደረሰኞች ላይ ከእርስዎ እኩል ነው።

ሰዎች ግን ምን ያደርጋሉ? ደረሰኙን ይይዛሉ። ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ብዙዎቹ ማረጋገጫውን መሬት የሚሰጥ ወረቀት ያደርጉታል። አይሰጥም። የሟች ወራሽ መሆንዎን ይናገራል እንጂ ሟቹ ያ መሬት እንደነበረው አይናገርም። ሌላውን ወራሽ ደብቀው ያወጡት ከሆነ ደግሞ ተቃዋሚ ቀርቦ ያሰርዘዋል። ቀጥሎ በመሬቱ ግምት ልክ የዳኝነት ከፍለው፣ ደብተር ይዞ የሚያርሰውን ዘመዳቸውን ይከሳሉ። ይሸነፋሉ። የከፈሉት ገንዘብ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርዎት።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ በፍርድ ቤት አያስኬድም። የዚያን ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በ1989 በክልሉ የመሬት ሽግሽግ፣ ማለትም መሬትን እንደገና የማከፋፈል ሥራ፣ ተደረገ። በኋላም ይዞታው ተመዝግቦ ደብተር ተሰጠ። ዛሬ የሚገዛው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ነው፤ ውርሱም የራሱ ደንብ አለው። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድ ካሳው በአዋጅ 1161/2011 መሠረት የሚከፈለው ዛሬ ሕጋዊ ይዞታ ላለው ሰው ነው። ምናልባት አክስትዎ። በ1955 ግብር ለተከፈለበት ስም አይደለም። አባትዎ በ1989 በስማቸው ድርሻ ደርሷቸው ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህንንም አልጻፉልኝም። ለውርስ ክስ የጊዜ ገደብ ስላለ እንዲህ ያለ ድርሻ እንደነበራቸው ከሰሙ ሳይዘገዩ ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። ከተማ ውስጥ የተወረሰ ቤት ነበረን የሚሉ ከሆነም ያ በሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ይጠይቁ።

አሁን በደስታ ወደምመልሰው ጥያቄ ልምጣ።

በመጀመሪያ ቅድመ አያትዎ በየትኛው ጠቅላይ ግዛት ሥር እንደነበሩ ይለዩ። ዛሬ ሁሉም አማራ ክልል ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። የባሕር ዳርና የዘጌ ዳርቻ ጎጃም ነበር፤ ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ። ዓባይን ተሻግረው ወደ ደራና ቆራጣ ሲሄዱ ግን በጌምድርና ስሜን ነው፤ ዋና ከተማው ጎንደር። የእናት ወገን ከዚያ ማዶ ከሆነ መዝገቡንም ደብረ ማርቆስ አይፈልጉት። ደረሰኙ ላይ የወረዳው፣ የአውራጃው ወይም የምክትል ወረዳው ስም አለ፤ ማኅተሙን በደንብ ያንብቡት። ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

ከግብር መዝገብ ይልቅ እኔ የምወደው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ርስት ለመጠየቅ ትውልድ መቁጠር ግድ ስለነበር ተከራካሪዎች ከራሳቸው ጀምረው እስከ ዋናው አባት ስም በስም እየጠሩ ያስመዘግቡ ነበር። አንድ የተረፈ የርስት ክርክር ፋይል ካገኙ የቤተሰብዎን ሐረግ ተጽፎ አገኙት ማለት ነው። አክስትዎን «ከማን ጋር ተሟግተን ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። የተከራካሪ ስምና ዓመት ይዞ የሚሄድ ሰውና «የድሮ ፋይል አለ?» ብሎ የሚሄድ ሰው ከመዝገብ ቤት የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም መታየት አለበት።

ቤተ ክርስቲያንን አይርሱ። በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራት በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ዳኝነት ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል። ግን በትሕትና ነው የሚኬደው። አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደው፣ ግዕዝ የሚያነብ ካህን ይዘው። ያለፈቃድ ፎቶ አያንሡ። «ቅጠሏን ልሽጥልዎት» የሚል ከመጣም ይሽሹ፤ ቅርስ ነው፣ ያስጠይቃል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባ እዚያ የሚፈለግ ነገር ካለ ወንድምዎን ይላኩ።

ሲያነቡ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚጻፈው በክርስትና ስሙ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ሌላ ሊሆን ይችላል። «ጉልት» የሚል ካገኙም ቸኩለው አይደሰቱ። ጉልት ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት ነው፣ ባለ ርስቱ ሌላ ነው። ቀን ያልተጻፈበትን በሹሙ ስም መገመት ይቻላል። ለምሳሌ ራስ አዳል በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነግሠዋል። ጽሑፉ «ራስ አዳል» ካለ ከዚያ በፊት ለመጻፉ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ወረቀቶቹን ላሚኔት አያስደርጉ። በእስክሪብቶ ምልክት አያድርጉባቸው። ሁለቱንም ገጽ በጥራት ፎቶ አንሥተው ለወንድም እህቶችዎና ለአክስትዎ ይላኩ። ዋናውን አንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ የት እንዳለም ሁሉም ይወቅ።

በመጨረሻ ያ ሰው። የ1955 የግብር ደረሰኝ በአዲስ ካርታ የሚለወጥበት ሕጋዊ መንገድ የለም። ዋናውን የሚፈልገው ምን ሊሠራበት ነው? ወይ ገንዘብዎን ሊበላ ነው፣ ወይ በስምዎ አክስትዎ ላይ ጥያቄ ሊያነሣ ነው፣ ወይ የሐሰት ሰነድ ሊያሠራበት ነው። ሦስተኛው ወንጀል ነው፤ ወረቀቱ የወጣው ከእርስዎ እጅ ስለሆነ እርስዎም ይጠየቃሉ። «ነግሮኛል» ነው የጻፉልኝ፣ «አልሰጠሁትም» ግን አላሉም። ሰጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ ሁለት ሰው ይዘው ሄደው ይቀበሉት። እምቢ ካለ በጽሑፍ ይጠይቁትና ለፖሊስ ያመልክቱ። ውክልና ፈርመውለትም ከሆነ የውክልናውን ቅጂ ይዘው፣ ወዳጸደቀው የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሄደው ይሻሩት። የተሻረበትንም ወረቀት ለሰውየው በምስክር ፊት ያድርሱት።