እናቴን ሲኒየር አፓርትመንት ባስገባት ጣልኳት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ አሜሪካ ከመጣች ቆይታለች፣ ሲቲዝን ሆናለች፣ ከኤስ ኤስ አይ (ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን በየወሩ ከሚሰጠው ድጎማ) ሌላ ገቢ የላትም። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ነው የምንኖረው፣ እሷ ከትንሿ ልጄ ጋር ትተኛለች። ጓደኛዬ "ሲኒየር አፓርትመንት አመልክቺላት፣ ኪራዩ ርካሽ ነው" ስትለኝ አንድ ቦታ ደወልኩ፣ የነገሩኝ ኪራይ ግን ከእናቴ ጠቅላላ ገቢ ይበልጣል። እህቴ ደግሞ ይሄን ስትሰማ "እናታችንን መጦሪያ ልትከቻት ነው?" ብላ አኮረፈችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከኩርፊያው ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው ዓመታት የሚያቃጥለው። ሲኒየር አፓርትመንት ለአረጋውያን የሚከራይ ቤት ነው እንጂ ነርሲንግ ሆም (መጦሪያ) አይደለም። ነርስ አይመደብላቸውም፣ መቼ ግቡ መቼ ውጡ የሚላቸው የለም። የኪራይ ውሉን ራሳቸው ይፈርማሉ፣ የራሳቸው ቁልፍ፣ የራሳቸው ኪችን፣ የራሳቸው ሻወር አላቸው፣ ጎረቤታቸው ብቻ ነው በዕድሜ የሚመስላቸው። እህትሽን አንድ ቀን ይዘሻት ሂጂና ሕንፃውን ታየው፣ ሻወር ውስጥ ያለውን የእጅ መያዣ ብረት፣ ደረጃ የማያስወጣውን ሊፍት ስታይ ነገሩ ይገባታል። ከሁሉም በፊት ግን እናትሽን ራሳቸውን ጠይቂያቸው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ እሳቸው ምን እንዳሉ አላየሁም።

አሁን ኪራዩ ላይ እንምጣ። የደወልሽበት ቦታ አልዋሸሽም፣ ጓደኛሽም አልዋሸችም፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው ያወሩሽ። ሎው ኢንካም ሲኒየር ሃውዚንግ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን የሚከራይ ቤት) የሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

አንደኛው ሴክሽን 202 የሚባለው ነው፣ ከ1959 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ሲሆን ሃድ የሚባለው የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ይሰጣል፣ ሕንፃዎቹን በብዛት የሚይዟቸው ትርፍ የማይሠሩ ድርጅቶች ናቸው። ዕድሜ 62 መሙላት አለበት፣ ገቢ ደግሞ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ግማሽ መብለጥ የለበትም። ኪራዩ የሚተመነው በሳቸው ገቢ ነው፣ ተቀናሽ ተደርጎ ከሚቀረው 30 ፐርሰንት። የ2025 የፌዴራል ኤስ ኤስ አይ ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር፣ የዚህ 30 ፐርሰንት ወደ 290 ዶላር ነው፣ ለአረጋውያን የሚደረገው ተቀናሽ ሲነሳለት ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው በ1986 የመጣው ታክስ ክሬዲት ነው፣ መንግሥት ለባለሕንፃዎች የግብር ቅናሽ ሰጥቶ የሚያሠራው ቤት ማለት ነው፣ የደወልሽበት ቦታ ይሄኛው ይመስለኛል። እዚህ ኪራዩ የሚወሰነው በአካባቢው ገቢ ተሰልቶ ነው፣ የተከራዩ ገቢ ሲያንስ አብሮ አይወርድም። ኤስ ኤስ አይ ብቻ ላለው ሰው ይሄ ብቻውን አይቻልም፣ ሴክሽን 8 ቫውቸር (መንግሥት የኪራዩን ከፊል የሚከፍልበት ድጎማ) ካላቸው ግን ታክስ ክሬዲት ሕንፃ "ቫውቸር አንቀበልም" ብሎ ሊመልሳቸው አይችልም። ስለዚህ ስትደውዪ "ኪራዩ በገቢ ነው ወይስ ፊክስድ ነው?" ብለሽ ጠይቂ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ እሱ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፣ ቤቱንም ምግቡንም ልጅ የሚችልላቸው ከሆነ ሶሻል ሴኩሪቲ ኤስ ኤስ አዩን እስከ ሲሶ ሊቀንሰው ይችላል። የእናትሽ ተቀንሶ ከነበረ፣ ወጥተው ኪራያቸውን ራሳቸው ሲከፍሉ ሊስተካከልላቸው ይችላል፣ አድራሻ ሲቀየር ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። በየወሩ ቋሚ ብር የምትሰጫቸው ከሆነም እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ አትደብቂው።

አሁን ዋናው ችግር ዌይቲንግ ሊስቱ፣ ማለት የተራ መጠበቂያ ዝርዝሩ ነው። ዓመታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ኩርፊያው እስኪበርድ አትጠብቂ፣ ማመልከት መግባት አይደለም፣ ተራቸው ደርሶ ሐሳባቸውን ከቀየሩ "አልፈልግም" ይላሉ። አንድ ሕንፃ ላይ ብቻ አትመዝገቢ፣ አምስትም ስምንትም ቦታ ይቻላል፣ እያንዳንዱ የራሱ ሊስት አለው። ሃድ የሚደጉመው ሕንፃ ለማመልከቻ ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድለትም፣ ታክስ ክሬዲቱ ግን ሊያስከፍል ይችላል። ቦታዎቹን ለማግኘት 211 የእርዳታ መረጃ መስመር ደውዪ ወይም ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባለውን የአረጋውያን አገልግሎት መረጃ መስመር በ1-800-677-1116፣ ያሉበትን አካባቢ የአረጋውያን ቢሮ ያገናኙሻል፣ አስተርጓሚ ካስፈለገም ጠይቂ።

የአክስቴን ነገር ልንገርሽ። አራት ዓመት ጠብቃ በመሃል ቤት ቀየርን፣ ከሕንፃው "አሁንም ትፈልጊያለሽ?" የሚል ደብዳቤ መጥቶ በድሮው አድራሻ ቀረ። ስንሰማ መልስ ስላልሰጠች ከሊስት ወጥታለች፣ ብንለምንም ከታች ጀምሩ ተባልን። ያን ቀን ወረቀቱን ይዛ ቁጭ እንዳለች አልረሳውም፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። እና ያመለከትሽበትን ቦታ ሁሉ፣ ቀኑን፣ ያናገርሽውን ሰው ስም አንድ ደብተር ላይ ጻፊ፣ የፖስታ አድራሻም ስልክም ስትቀይሪ ለሁሉም በጽሑፍ አሳውቂ፣ ከሕንፃ የመጣ ፖስታ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደራርቦ እንዳይጣል ልጆቹንም አስጠንቅቂ።

ሌላ አንባቢያችን ደግሞ በአጭሩ "እናቴ እዚያ ከገባች በኋላ ለሦስት ወር ከአሜሪካ ብትወጣስ?" ብለው ጠይቀዋል። ተከታታይ 30 ቀን ወይም ሙሉ አንድ የካሌንደር ወር ከአገር ከወጡ ኤስ ኤስ አይ ይቆማል፣ ከተመለሱ በኋላም አሜሪካ ውስጥ ተከታታይ 30 ቀን ሳይቆዩ አይቀጥልም። ሕንፃውም ስንት ቀን መቅረት እንደሚፈቅድ በደንቡ ላይ ያስቀምጣል፣ ኪራዩም እሳቸው ባይኖሩም መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ቲኬት ሳይቆረጥ ማኔጀሯን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።