የእጅ ሥራ ጥያቄዎቻችሁ፦ የአዳማ ባቡር በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ

በዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሞዴል ባቡር ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው ብዙ ጀማሪ የሚጠይቀውን ስለሚነካ እሱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለ11 ዓመት ልጄ አክስቷ ከአሜሪካ የባቡር ስጦታ አመጣችላት። አንድ ጎታች፣ ሦስት ፉርጎ፣ ክብ የሚሠራ ሐዲድና አዳፕተር አለው። ካርቶኑ ላይ «ኤች ኦ» ይላል። ሳሎን ወለል ላይ ልንዘረጋው አስበናል። ልጄ ግን ክብ ብቻ አይበቃኝም፣ ጣቢያና ተራራ ያለው ከተማ እንሥራ ትላለች። ከምን እንጀምር? ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? ዕቃውስ እዚህ ይገኛል? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አዳፕተሩን ሶኬት ላይ ሳይሰኩ ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። «100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ ችግር የለም። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ጥገና ቤቴ በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ነው። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ያገኛሉ፤ እሱን ይግዙ። ሐዲዱ ላይ የሚደርሰው 12 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ልጅዎ ብትነካውም አይጎዳትም። ከግድግዳው እስከ አዳፕተሩ ያለው ግን የእርስዎ ሥራ ይሁን።

ቀጥሎ፣ ወለሉን ይተዉት። የምንጣፍ ክር፣ አቧራና ጸጉር ጎታቹ ጥርሶች መሀል ገብቶ ይጠመጠማል። ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

«ኤች ኦ» ማለት እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ ማለት ነው። አንድ ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ87 ያባዙት፤ 1435 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው፣ ከሰበታ ተነስቶ በአዳማ በኩል ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር ስፋቱ ይኸው ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ምድር ባቡር ግን አንድ ሜትር ብቻ ነበር። እሱን በዚሁ ልክ ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይጠይቃል። ዕቃው ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም፤ ለጀማሪ አልመክርም። ስለዚህ ልጅዎ እጅ ላይ ያለው የአዲሱ መስመር ሐዲድ ነው ብለው ይጀምሩ።

ምን እንሥራ ለሚለው ደግሞ ሩቅ አይሂዱ። አዲሱ መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ነው። ከአዳማ በኋላ ወደ መተሐራና አዋሽ ሲወርድ አንድ ብቻ ይሆናል። ሁለቱ አንድ የሚሆኑት እዚሁ እኛ ጋ ነው! ለሞዴል ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ምክንያቱም ባቡሩ ዝም ብሎ ከመዞር ይልቅ የሚሠራው ሥራ ያገኛል፦ አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ከመተሐራ በኩል መጥቶ ያልፋል፣ ከዚያ የጠበቀው ይነሳል። የኔም ከጥገና ቤቱ ጓዳ ያለው ጠረጴዛ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞላላ ቅርጽ ይዘርጉ። ፊት ለፊት ያለውን ቀጥታ ሐዲድ ድርብ ያድርጉት። ኋላ ያለው ነጠላ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር መቀየሪያ ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ። ሁለተኛ ጎታች ሲገዙ ደግሞ የሚጠብቀው ባቡር ያለበትን ሐዲድ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የላስቲክ ማያያዣ ለይተው በአንድ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ኤሌክትሪክ ይስጡት። ሲያጠፉት ይቆማል፣ ሲያበሩት ይሄዳል።

አክስቷ ተጨማሪ ሐዲድ ልትልክ ከሆነ አንድ ነገር አደራ ይበሏት፦ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ከሥራቸው የተያያዘ ግራጫ ወይም ጥቁር የላስቲክ መደብ ያላቸው ሐዲዶች የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ባክማን የሚባለው ፋብሪካ ሥራ ከሆነ ጥቁር መደብ ያለው ሐዲድ ተራ ብረት ነው፣ ግራጫው ኒኬል ሲልቨር የሚባል ቅይጥ ነው። ግራጫውን ይምረጡ። ተራው ብረት ይዝጋል። ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ፣ ዛፉ፣ ተራራው ከአዳማ መሬት ይገኛል፤ ጥሩ ሐዲድ ግን ከአዳማ መሬት አይገኝም።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር፣ ይበቃል። ከስጦታ ጋር የሚመጣው ክብ ከመሀል እስከ ሐዲድ ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ነው። ትልቁም ቢሆን ጎን ለጎን አንድ ሜትር አይሞላም። ከጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ከጠረጴዛ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ጎታች ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ አይሆንም። ውፍረቱ 9 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሥሩ አናጺው በሞራሌ ፍሬም ይሥራለት፣ መሀል ላይም ሁለት አግዳሚ ይጨምርበት፤ አለበለዚያ ይጎብጣል። ከፍታው ልጅዎ ደረት ላይ ቢደርስ ባቡሩን ከላይ ሳይሆን ከጎን ታየዋለች። ግድግዳ ላይ አያስጠጉት፤ ልጅ ቀርቶ የእርስዎም እጅ 122 ሴንቲ ሜትር አሻግሮ የወደቀ ፉርጎ አያነሳም።

አሁን ሁሉም የሚቸኩልበት ላይ ደረስን። እባክዎ ተራራውን ቶሎ አይሥሩ። ሐዲዱን ዘርግታችሁ፣ ሳትለጥፉ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ያስኬዱት። ልጅዎ ባቡሩን በፍጥነትም በቀስታም ትንዳው፤ ፉርጎውን ወደ ኋላ ትግፋው። የሚወድቅበት ቦታ ካለ ያኔ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከመገጣጠሚያ ነው። ጣትዎን በሐዲዱ ላይ ቢያሳልፉ ጥፍርዎ የሚይዝበት ቦታ እሱ ነው። ይህ ሳይስተካከል ጀሶ ካፈሰሱበት በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ሌላው የጀማሪ ምኞት ሐዲድ በሐዲድ ላይ የሚያልፍበት ድልድይ ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ አይሆንም። ባቡሩ በአንድ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። በሌላ ባቡር አናት ላይ ለማለፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። ለመውጫ ብቻ ከ2.7 እስከ 4 ሜትር፣ ለመውረጃም ያንኑ ያህል ማለት ነው። ይልቅ ሐዲዱ ሜዳ ላይ ይሂድ፣ ሰሌዳውን ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡና ወንዝ አስገቡበት። አዋሽ ይሆናል።

ጌጡ ላይ ስንመጣ፣ የእኛ አገር ሰው ዕድለኛ ነው። የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በቢላ ጠርባችሁ ኮረብታ አድርጉ። ከፋርማሲ ፋሻ ግዙ፣ ውሃ በበዛበት ጀሶ ነክራችሁ አልብሱት። ሐዲዱን አስቀድማችሁ በፕላስተር ሸፍኑ። ለሣሩ ቃጫ በመቀስ አድቅቆ መቁረጥ ነው። ለቁጥቋጦው ከአናጺ ቤት የመጣ ሰጋቱራ ቀለም ነክሮ ማድረቅ ነው። ግራር ለመሥራት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይግመዱ፣ ጫፉን ጠፍጣፋ ጃንጥላ አድርገው ይዘርጉ፣ ኮላ ቀብተው ሰጋቱራውን ይነስንሱበት። ከውጭ የሚመጣ የሞዴል ዛፍ ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ዛፍ ነው፤ የወለንጪቲን ሜዳ አይመስልም።

ጠጠሩን ግን ለየት አድርጌ ልናገር። እውነተኛው የሐዲድ ጠጠር 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ87 ሲካፈል 0.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብሎኬት ማምረቻ ያለውን 00 ጠጠር ብናኝ ይውሰዱ፣ በሻይ ማጥለያ ይንፉት። ያለፈውን ደግሞ በዱቄት ወንፊት ይንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ይጠቀሙ፤ ዱቄት የሆነውን ይጣሉት። ለመንገዱና ለጣቢያው ግቢ ሬድ አሽ ፈጭተው እንዲሁ ያድርጉ፤ የአዳማ መንገድ ዳር ቀለም ያኔ ይመጣል።

ከመለጠፍዎ በፊት ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው ጠጠሩ ውስጥ ያሳልፉት። የእኛ አካባቢ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ ውስጡ ማግኔት የሚስበው ብረት አለው። ፌስታሉ ላይ ጥቁር ጸጉር የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይወጣል። ያ ነገር ሐዲድ ላይ ቢቀር የጎታቹ ሞተር ማግኔት ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሞተሩም ያልቃል። ፌስታሉን ከውጭ ገልብጠው ያራግፉ። ምንም እስኪያጣ ደጋግመው ያሳልፉት።

ከዚያ ጠጠሩን ደረቁን አፍስሰው በቀጭን ብሩሽ ያስተካክሉ። ሐዲዱ የራሱ መደብ ካለው ጠርዝ ጠርዙን መሸፈን ይበቃል። ውሃ ይርጩበት። የእንጨት ኮላን ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይበጥብጡ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ላርጎ ይጨምሩበት። ላርጎው ካልገባ ኮላው እንደ ዶቃ ጠጠሩ ላይ ተንከባሎ ይቀራል፣ አይሰርግም። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠብ ጠብ ያድርጉት። የመቀየሪያው ተንቀሳቃሽ ክፍል ጋ ኮላ እንዳይደርስ። እስከ ማግስቱ አይንኩት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምኖረው። ሞዴል ባቡር ሁሌ ያምረኛል፤ ቦታ ግን የለኝም። ደግሞ ሐዋሳ ባቡር የለም። ምን ላስመስል? (የ24 ዓመት ወጣት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቦታ አለሽ። ሁለት መንገድ ልንገርሽ።

አንደኛው «ኤን» የሚባለው ልክ ነው፤ 160 ጊዜ ያነሰ፣ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። ክቡ ከመሀል እስከ ሐዲድ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 60 በ120 የሆነ ሰሌዳ ላይ ሙሉ ዙር ይገባል፣ ሲያበቃ ግድግዳ ላይ ታቆሚዋለሽ። ችግሩ ትንሽ ስለሆነ ለአቧራ ስስ ነው፣ ዓይንም ይፈትናል።

ሁለተኛው፣ እኔ የምወድልሽ፣ መደርደሪያ ነው። የማይዞር ባቡር። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት፣ ሁለት መቀየሪያ፣ ሦስት መቆሚያ ሐዲድ። እንግሊዞች «ኢንግልኑክ» ይሉታል። አንዱ ሐዲድ 5 አጫጭር ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ 3 3 ይይዛሉ። 8 ፉርጎ አለሽ እንበል። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፈሽ 5 ዕጣ ታወጪያለሽ። ከዚያ እነዚያን 5 በወጡበት ቅደም ተከተል ማሰለፍ አለብሽ፤ በመሳብና በመግፋት ብቻ፣ በእጅ ሳትነኪ። ቀላል ይመስላል። ቁጭ ብለሽ ሞክሪው፣ ምሽቱ እንዴት እንዳለፈ አታውቂም።

ሐዋሳ ባቡር የለም ያልሽው እንቅፋት አይሁንብሽ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ አይደል? ባቡር ቢገባለት ኮንቴይነሮቹ የሚጫኑበት ግቢ ምን ይመስል ነበር? አጥሩን፣ መጋዘኑን፣ በር ላይ የሚሰለፉትን ባጃጆች ሥሪ። እውነተኛ ጣቢያ ስለሌለ እንዲህ አይደለም ብሎ የሚያርምሽ የለም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰሌዳውን ከመጠቀምሽ በፊት ከላይም ከታችም ከጠርዙም ቀለም ቀቢው። ክረምት ላይ እርጥበት ሲገባው እንጨት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሐዲድሽን ይዞ።

ጥያቄ፦ ባቡሬ በፊት ጥሩ ይሄድ ነበር። አሁን እየተንገጫገጨ ይሄዳል፣ ይቆማል። በጣቴ ስነካው ይነሳል። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጎበዝ፣ በጣትህ ስትነካው የሚነሳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው። ኤሌክትሪክ እየደረሰው አይደለም። የአዳማን ንፋስ ታውቀዋለህ፤ ተርባይኖቹን ኮረብታው ላይ ያስተከለው እሱ ነው። በር ቢዘጋም አቧራው ይገባል። ከዘይትና ከመንኮራኩር ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ ሐዲዱ ላይ ጥቁር ሽፋን ይሠራል።

ከፋርማሲ አልኮል ግዛ። ኤሌክትሪኩን አጥፋ፣ ከምድጃና ከሻማ ራቅ፣ መስኮት ክፈት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነክረህ የሐዲዱን አናት ጥረገው፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ድረስ። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቀው፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ተሰግስጎ ቶሎ ይመለሳል። ሐዲዱ ሲጸዳ መንኮራኩሩ ይቀራል። አልኮል ነክተህ ትንሽ ጨርቅ በሐዲዱ ላይ አግድም አንጥፍ። አብዛኛው አልኮል ተኖ ጨርቁ ላይ ትንሽ እርጥበት ብቻ ሲቀር፣ የጎታቹን የፊት መንኮራኩሮች ጨርቁ ላይ፣ የኋላዎቹን ሐዲዱ ላይ አድርገህ በእጅህ ይዘህ ኤሌክትሪክ ስጠው። እየተሽከረከረ ራሱን ይጠርጋል። ከዚያ አዙረህ ድገመው። ሳትጫወት ስትቀር አሮጌ አንሶላ አልብሰው።

ይህን አድርገህ አሁንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ መገጣጠሚያው ላልቷል ማለት ነው። ቴስተር ከሰው ተዋስ። ከአዳፕተሩ ሽቦ አጠገብ ያለውን ቮልት ለካ፣ ቀጥሎ የሚቆምበትን ቦታ ለካ። የሁለተኛው ብዙ ካነሰ ከአዳፕተሩ ሌላ ጥንድ ሽቦ ስበህ እዚያ ቦታ ላይ አስበይድ፤ የግራው ከግራ፣ የቀኙ ከቀኝ ሐዲድ ጋር፣ እንዳይዘበራረቅ። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።