ለምን 6,800 ሳይሆን 8,000 ናሙና?

የስልክ ድምፅ በ3,400 ኸርዝ ከተገደበ በሰከንድ 6,800 ናሙና (የድምፁ ልኬት) እየበቃ 8,000 የሚወሰደው ለምንድን ነው ብለው ለጠየቁት፦ የናይክዊስት መርህ (የናሙናው ብዛት ከድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ ቢያንስ እጥፍ ይሁን የሚለው) አልተሳሳተም፤ ችግሩ ያለው ከወሰኑ በላይ ያለውን ድምፅ በሚያስቀረው ፊልተር ላይ ነው። መርሁ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ምንም ሲግናል እንደሌለ ቆጥሮ ይነሳል፤ በተግባር ግን ፊልተር እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሳይሆን እንደ ቁልቁለት ቀስ በቀስ የሚያዳክም በመሆኑ፣ ከወሰኑ ያለፈ ሲግናል ምንጊዜም ሾልኮ ይገባል። በ6,800 ናሙና ቢወሰድ ሾልኮ የገባው የ3,500 ኸርዝ ድምፅ 3,300 ኸርዝ መስሎ ይወጣል፤ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ የሚለየው ስሌት የለም። በ8,000 ሲሆን ወደ ድምፁ ክልል ታጥፎ የሚመለሰው ከ4,600 ኸርዝ ጀምሮ ያለው ብቻ ስለሆነ፣ ፊልተሩ የ1,200 ኸርዝ መንደርደሪያ ያገኛል።

አንድ የዲጂታል ስልክ ድምፅ በሰከንድ 64,000 ቢት ይፈልጋል የሚለው ቁጥርም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ናሙና በ8 ቢት ይጻፋል። ናሙናው የሚጠጋጋባቸው እርከኖች ግን እኩል አይደሉም፤ ሹክሹክታው በኳንታይዜሽን ስህተት (በማጠጋጋቱ በሚፈጠረው ልዩነት) እንዳይዋጥ ለደካማ ድምፅ ጠባብ፣ ለጠንካራው ሰፊ እርከን ይሰጣል።